የተኛ ሰው ምስክር

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ ወገኖቼ፤ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሌሊት ነው፣ የሌሊት ነገር ደግሞ ተቸኩሎ አይወራም።

እኔ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ኅዳር ሲገባ ውርጩ ሣሩን ነጭ አልብሶት ያድራል፣ ጠዋት ሲረግጡት ከእግር ሥር ይንኮሻኮሻል። ቤታችን አንድ ክፍል ነበረችና ብርዱም፣ ጸሎቱም፣ እንቅልፉም የጋራችን ነበር። አያቴ መደቡ ላይ ትተኛለች፣ እኔ ከእግሯ ሥር እኮራመታለሁ፣ የአጎቴ ጠፍር አልጋ ደግሞ ከመደቡ ጫፍ ጋር ተገጥሟል፤ ስለዚህ አያቴ እጇን ብትዘረጋ የልጇን እግር ታገኘዋለች።

አጎቴ አንገተ ወፍራም፣ ደረተ ሰፊ፣ ሰው የማይነካ ሰው ነበር። ጋቢውን ተከናንቦ ጋደም ካለ ብዙ ሳይቆይ ማንኮራፋት ይጀምራል፤ ማንኮራፋቱ እየከረረ፣ እየከረረ ይሄድና ጣሪያው የሚነሣ እስኪመስል ያንባርቃል፣ ከዚያም ድንገት ጸጥ ይላል። አያቴ የምትነቃው ታዲያ እዚህ ላይ ነው። ያ ሁሉ ጩኸት ያልቀሰቀሳት ሴት ጸጥታው ይቀሰቅሳታል። ከትራሷ ሥር መቁጠሪያዋን ታወጣና በጨለማ "እግዚኦ" ብላ አንድ ፍሬ ታሳልፋለች፣ "እግዚኦ" ብላ ሌላ ታሳልፋለች፣ ከዚያም ሌላ፤ አሥራ ሁለተኛው ፍሬ ላይ ስትደርስ እጇን ትዘረጋና የአጎቴን የእግር አውራ ጣት ጨበጥ ታደርገዋለች። ያን ጊዜ አጎቴ ከወንዝ ውስጥ እንደ ወጣ ሰው በኃይል ይተነፍስና ይገላበጣል፣ ማንኮራፋቱንም ከመጀመሪያው ይቀጥላል። እኔ በዕድሜ ትንሽ ነበርኩ፤ ከእግሯ ሥር ሆኜ ይህን ስሰማ ሌሊት ማለት እንዲህ ነው ብዬ አምን ነበር።

ጠዋት "እንዴት አደርክ ልጄ?" ስትለው "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለጥ ብዬ ነው ያደርኩት" ይላታል። እውነቱን ነው፤ ከሌሊቱ ውጊያ አንዱንም አያስታውስም። ቀኑ ግን ይመሰክርበታል። ዕድር ላይ ተቀምጦ ያንቀላፋል፣ ስብከት ላይ ቆሞ ያንቀላፋል፣ የቡና ስኒ በእጁ እንደያዘ ራሱ ወደ ደረቱ ይወርዳል። ሥራው ዘበኝነት ነበርና አንድ ቀን በተረኛነቱ ላይ ተኝቶ አገኙት፣ ሌላም ቀን አገኙት፣ በሦስተኛው አሰናበቱት። ያን ዕለት ከአያቴ እግር ሥር ተቀምጦ "እማዬ፣ እኔ እኮ ሰነፍ ነኝ" አላት። እሷም "ሌሊቱን ሙሉ ስትታገል የምታድር ሰው፣ ስንፍናው ከየት መጣ?" አለችው። መሥሪያ ቤቱ የጠየቀው ራሱን ነው፣ ሰፈሩ የፈረደው በቀኑ ሰውዬ ላይ ነው፤ አያቴን የጠየቃት አልነበረም። የተኛ ሰው ለራሱ ምስክር ሊሆን አይችልም ወገኖቼ፤ ከጎኑ የነቃ ሰው ያስፈልገዋል። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ባሕር ተሻግረን ወደ ቺካጎ እንሂድ። የማወሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ጊዜው 1951 ነው፣ ወሩ ዲሴምበር፣ የዚያ አገር ክረምት። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አቦት አዳራሽ በሚባል ሕንፃ ውስጥ ዩጂን አሴሪንስኪ የሚባል ሠላሳ ዓመት የሞላው ተማሪ ነበረ፤ ባለትዳር፣ የልጅ አባት፣ እጁም ያጠረው። መምህሩ ናትናኤል ክላይትማን ዕድሜውን በሙሉ እንቅልፍን ሲያጠና የኖረ ሰው ነው። ይህ ክላይትማን በ1938 ከአንድ ተማሪው ጋር ኬንታኪ ውስጥ ማሞዝ ወደሚባል ዋሻ ወርዶ፣ ፀሐይ በማይገባበት፣ ብርዱ በማይለወጥበት ጨለማ ውስጥ 32 ቀን የተቀመጠ ሰው ነው፤ ቀኑን 24 ሰዓት ሳይሆን 28 ሰዓት አድርገው እየተኙና እየነቁ የሰው አካል ይለምድ እንደሆነ ሊያዩ ነበር። ወጣቱ ተማሪ ለመደው፣ የመምህሩ አካል ግን በጨለማውም ውስጥ የቀድሞ ሰዓቱን እንደያዘ ቀረ። እንዲህ ያለ መምህር ነው እንግዲህ አሴሪንስኪን "የተኙ ሕፃናትን የዓይን ቆብ ቁጭ ብለህ ተመልከት" ብሎ ያዘዘው።

አሴሪንስኪም ተቀምጦ ተመለከተ፤ ወራት ተመለከተ። ከዚያም ከሕንፃው ምድር ቤት ሰው የተወውን አንድ አሮጌ መቅጃ መሣሪያ አገኘና ጠጋግኖ አስነሣው። የመሣሪያው ነገር ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው፤ ጥቅል ወረቀት ይሄዳል፣ በላዩ ላይ እስክሪብቶዎች ይንቀሳቀሳሉ፣ እስክሪብቶዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ከሰው ቆዳ ላይ የሚለቀም ኤሌክትሪክ ነው። የአንጎል ኤሌክትሪክ ከራስ ቅል ላይ ሊነበብ እንደሚችል በጀርመን አገር፣ በዬና ከተማ፣ ሐንስ በርገር የሚባል ሐኪም በ1924 ቀድቶ፣ በ1929 ጽፎ አሳይቷል። ዓይንም የራሷ ኤሌክትሪክ አላት፤ ፊቷ ከጀርባዋ ይለያል፣ ስለዚህ ስትዞር አጠገቧ የተለጠፈው ሽቦ ይሰማዋል።

አባት ታዲያ የሚያስተኛው ሰው ሲያጣ የስምንት ዓመት ልጁን ይዞ መጣ። አስቡት፤ ውጭው በረዶ ነው፣ ሕንፃው ሰው የለበትም፣ አባት የልጁን ጭንቅላት በትንሹ እያሻሸ ሽቦ ይለጥፍለታል፣ በዓይኖቹ ጥግ ይለጥፍለታል፣ ካስተኛውም በኋላ መብራቱን አጥፍቶ ወደ ጎረቤት ክፍል ይገባና ከመሣሪያው አጠገብ ይቀመጣል። ለአንዲት ሌሊት ግማሽ ማይል ያህል ወረቀት ነው የሚያልፈው። እስክሪብቶዎቹ መጀመሪያ ሰፋ ሰፋ ያለ፣ ዝግ ያለ ማዕበል ይስላሉ፤ ሰዓት ያልፋል፤ ከዚያም በድንገት የዓይኖቹ እስክሪብቶዎች ወዲያና ወዲህ መዝለል ይጀምራሉ፣ የአንጎሉም መስመር የነቃ ሰው መስመር ይመስላል። አባት "ልጄ ነቅቷል" አለና ተነሥቶ በሩን ገፋ አድርጎ ገባ። ልጁ ድብን ያለ እንቅልፍ ላይ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ይህን ነገር ባሰብኩ ቁጥር ልቤን ይነካዋል። ከዚያ ሌሊት በፊት የሰው ልጅ እንቅልፍን እንደ ጠፋ መብራት ነበር የሚቆጥረው፤ ያ አባት በጨለማ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ የልጁን ትንፋሽ እያዳመጠ፣ መብራቱ ከውስጥ በርቶ እንደነበረ ያየ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። አሮጌው መሣሪያ ተበላሽቶ ይሆን ብሎም ራሱ ተጠራጠረ፤ መምህሩም ተጠራጠረና የገዛ ልጁን አምጥቶ አስተኝቶ አየ፤ በእሷም ላይ ያው ሆነ። ከዚያ አዋቂዎችን አስተኝተው፣ ዓይናቸው ሲሯሯጥ እየቀሰቀሱ ጠየቁ፤ 27 ጊዜ ቀስቅሰው 20 ጊዜ ሕልም ተነገራቸው። በሴፕቴምበር 1953 "ሳይንስ" በተባለው መጽሔት ወጣ። ያ ዓይን የሚሯሯጥበት እንቅልፍ ዛሬ ሬም ይባላል፤ አዋቂ ሰው ሌሊቱን ከከባዱ እንቅልፍ ወደ ሬም፣ ከሬም ወደ ከባዱ፣ በየ90 ደቂቃው ግድም ሲመላለስ ያድራል። እንቅልፍ የሚነበብ ነገር ሆነ ማለት ነው፤ የሚነበብ ነገር ደግሞ ስሕተቱም ይታያል።

ከክላይትማን ተማሪዎች አንዱ ዊልያም ዴመንት ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ በ1970 በስታንፎርድ የእንቅልፍ ክሊኒክ ከፈተ፤ በ1972 ደግሞ ክርስቲያን ጊልሚኖ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም መጣለት። ይህ ሰው ይዞት የመጣው ሐሳብ ለእኛ ለአጎቴ ወገኖች ትልቅ ነው፤ "አንጎልን ብቻ አንቅዳ፣ ትንፋሹንና ልቡንም እንቅዳ" አለ። ቀደም ብሎ በ1965 በፈረንሳይም በጀርመንም ሐኪሞች የተኛ ሰው ትንፋሽ ደጋግሞ ሲቋረጥ ቀድተው ጽፈው ነበር። ጊልሚኖና ባልደረቦቹም ነገሩን ተከታትለው በ1976 ስም ሰጡት፤ ስሊፕ አፕኒያ፣ በእኛ አነጋገር በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቋረጥ።

እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት በልጅነቴ አይደለም። አጎቴ ካረፈ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ልጁ ነው ያሳወቀኝ። የአጎቴ ልጅ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል፤ ታክሲ ይነዳል። የአባቱን አንገት ወርሷል፣ ደረቱንም ወርሷል፣ የወረሰው ግን ያ ብቻ አልነበረም። አንድ ቀን ቀይ መብራት ላይ እንደቆመ አንቀላፋ፤ ከኋላው የቆሙት ሾፌሮች በክላክስ ቀሰቀሱት። ማታ ለሚስቱ ነገራት። እሷም "እኔማ ስንት ዓመቴ፣ ሌሊት ትንፋሽህ ሲጠፋ ቁጭ ብዬ አይደል የማድረው" አለችው። እሱ አያውቅም ነበር። በማግሥቱ ሌሊት በስልኳ ቀዳችው፤ ጠዋት አሰማችው። ማንኮራፋቱን ሲሰማ ሣቀ፣ ከዚያ ጸጥታው መጣ፣ ጸጥታው አልሄድ ሲል ሣቁን ተወ።

ሐኪም ዘንድ አብራው ሄደች፤ ሐኪሙም የጠየቀው እሷን ነው። ከዚያ ለእሱ ወረቀት ሰጠው፤ ስትቀመጥና ስታነብ፣ መኪና ውስጥ ተሳፍረህ ስትሄድ፣ ምሳ በልተህ ስታርፍ ምን ያህል ታንቀላፋለህ የሚሉ ስምንት ጥያቄዎች አሉበት። አንገቱን በሜትር ለካው፣ አፉን ከፍቶ ከምላሱ ጀርባ ያለውን መተላለፊያ አየ፣ የደም ግፊቱንም ለካ። ከዚያም "አንድ ሌሊት እኛ ጋ ታድራለህ" አለው።

የዚያን ሌሊት ነገር በስልክ ያጫወተኝ አንድ ሰዓት ሙሉ ነው። ማታ ዝናብ እየዘነበ፣ ታክሲውን ደጅ አቁሞ፣ ሚስቱ አስይዛው የነበረውን ጋቢ በብብቱ ይዞ ገባ። ክፍሉ የሆስፒታል ክፍል አይመስልም፤ አልጋ አለ፣ መጋረጃ አለ፣ የራስጌ መብራት አለ፣ ጣሪያው ጥግ ላይ በጨለማ የምታይ ካሜራ አለች። ተረኛዋ ቴክኒሺያን ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ጭንቅላቱን በሜትር ለክታ በእርሳስ ምልክት አደረገች፣ ቆዳውን አሻሸች፣ ከዚያም ሽቦዎቹን በቅባት መሳይ ማጣበቂያ አንድ በአንድ ለጠፈች፤ ከራስ ቅሉ ላይ ለአንጎሉ፣ ከዓይኖቹ ጥግ ለዓይኑ፣ ከአገጩ ሥር ለጡንቻው፣ ከደረቱ ለልቡ፣ ከቅልጥሙ ለእግሩ። ከአፍንጫው ሥር አየሩን የምትለካ ቀጭን ቱቦ አደረገችለት፣ ጣቱ ላይ ቀይ ብርሃን ያላት መቆንጠጫ አሰረችለት፤ ይህች በደሙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የምታነብ ናት። ደረቱንና ሆዱን በሁለት መቀነት ስታስታጥቀው ማዕተቡ ከመቀነቱ ሥር ገባ። ቆም አለችና "ላንሣው ወይስ ይቆይ?" ብላ ጠየቀችው። ይቆይ አላት። በሁለት ጣቷ ክሩን ሳብ አድርጋ ከመቀነቱ በላይ አስቀመጠችለት። ይህችን ነገር ሲነግረኝ ድምፁ ለወጥ አለብኝ።

ከዚያ መብራት ጠፋ፣ ድምፅዋ በግድግዳው ማጉያ መጣ። "ዓይንህን ወደ ላይ፣ ወደ ታች። አሁን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ። ጥርስህን ግጠም። የእግርህን ጣት አንቀሳቅስ። አሁን ለአሥር ሴኮንድ ትንፋሽህን ያዝ።" እሷ እያንዳንዱ ሽቦ ትክክል መስማቱን እያየች ነው። እሱ ግን ያቺን አሥር ሴኮንድ ሲቆጥር ረዘመችበት። ትንፋሽ ተቋረጠ ተብሎ የሚመዘገበው እንግዲህ ቢያንስ ይህን ያህል ሲቆይ ነው።

"በዚህ ሁሉ ሽቦ ማን ይተኛል?" አለኝ፤ ሁሉም ሰው እንዲህ ይላል፣ አብዛኛው ግን ይተኛል። እሱም ጋቢውን ሳብ አድርጎ ተኛ። ያቺ ሴት በሌላው ክፍል ተቀምጣ መስመሮቹን እያየች አደረች፤ ሌሊቱ ከዚያ በኋላ የሚነበበው በ30 ሴኮንድ በ30 ሴኮንድ ተከፋፍሎ ነው፣ ስምንት ሰዓት እንቅልፍ 960 ቁራጭ ይወጣዋል። ለምን 30 ሴኮንድ ብትሉ፣ በዚያ በወረቀቱ ዘመን አንድ ገጽ የሚይዘው ይህን ያህል ስለነበር ነው፤ ወረቀቱ ቀርቶ ልማዱ ቆየ።

አሁን በዚያ ጨለማ ውስጥ ሽቦዎቹ ምን እንዳዩ ልንገራችሁ። ሰው ሲተኛ ጡንቻው ይላላል፣ የጉሮሮውም ጡንቻ ይላላል፤ መተላለፊያው ጠበብ ያለበት ሰው ምላሱና ላንቃው ወደ ኋላ ወድቀው ቧንቧውን ይዘጉታል። ያን ጊዜ የአፍንጫው መስመር ዝርግ ይላል። ደረትና ሆድ ግን አይተኙም፤ መቀነቶቹ ሲወጠሩና ሲላሉ ይታያሉ፣ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይወርዳል፣ በር ተቆልፎበት እንደሚገፋ ሰው። ኦክስጅኑ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ቁልቁል መውረድ ይጀምራል፣ ልብም ይዘገያል። ከዚያ አንጎል ይደነግጥና ለሦስት ለአራት ሴኮንድ ይነቃል፣ ጉሮሮው ይከፈታል፣ ያ ትልቁ ትንፋሽ ይገባል፣ ልብም ይሮጣል፣ ባለቤቱ ሳያውቅ መልሶ ይተኛል። ሌላም ዓይነት አለ፤ አፍንጫው ዝርግ ብሎ መቀነቶቹም አብረው ዝርግ የሚሉበት። እዚያ ላይ በሩ አልተዘጋም፣ አንጎል ነው "ተንፍስ" የሚለውን ትእዛዝ ያቋረጠው፤ ሕክምናውም ይለያል። ከጎን ሆኖ ለሚሰማ ሰው ሁለቱም ጸጥታ ናቸው፤ የሚለያቸው መቀነቱ ነው።

ከዚያ ይቆጠራል። ትንፋሹ የተቋረጠበትና የተቀነሰበት ጊዜ ተደምሮ ለተኛበት ሰዓት ይካፈላል። በሰዓት ከ5 በታች ለአዋቂ ሰው ደኅና ነው፣ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ ይባላል። የአጎቴ ልጅ ከ30 አልፎ ሄዷል። በየሁለት ደቂቃው፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ፣ ታንቆ ይነቃል ማለት ነው፤ እንዲህ እያለ ነው ጠዋት ተነሥቶ ሰው የሚያሳፍረው።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሲሆን ያቺ ቴክኒሺያን ቀስ ብላ ገባች፣ "ያየሁት ይበቃል" አለችና አፍንጫው ላይ ጭንብል አሰረችለት። የጭንብሉ ታሪክ ደግሞ ከአውስትራሊያ ነው የሚመጣው። እስከዚያ ዘመን ድረስ በሽታው የከፋበት ሰው ዋና ሕክምናው አንገቱ ላይ ቧንቧውን በስቶ ከሥር እንዲተነፍስ ማድረግ ነበር። በ1980 ሲድኒ ውስጥ፣ ሮያል ፕሪንስ አልፍሬድ ሆስፒታል፣ ኮሊን ሱሊቫን የሚባል ሐኪም ዘንድ አንገቱ እንዲበሳ የተባለ፣ እሱ ግን ያልፈለገ ሰው መጣ። ሐኪሙ የአቧራ መጥረጊያ ማሽን ሞተር አዙሮ፣ የሚስበውን ወደሚነፋ ለውጦ፣ በቱቦ ወደ ሰውዬው አፍንጫ አስገባ። የሚነፋው አየር ጉሮሮውን ከውስጥ ደግፎ ክፍት ያደርገዋል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሰውዬው ተኛ፣ ትንፋሹ ተስተካከለ፣ ለዓመታት የተነፈገውን ሬም እንደ ተራበ ሰው ተኝቶ ጠገበ። ሐኪሙም በአምስት ሕመምተኞች ላይ ያየውን በ1981 "ላንሴት" በሚባለው መጽሔት አወጣ። ያ መሣሪያ ዛሬ ሲፓፕ ይባላል። ሲድኒም ያን ሌሊት መሥራት አለመሥራቱ የታወቀው ሽቦዎቹ ስለነበሩ ነው፤ የአጎቴም ልጅ ጭንብሉ ከታሰረለት በኋላ የአየሩ ግፊት በጥቂት በጥቂቱ የተጨመረለት ያቺ ሴት መስመሮቹን እያየች ነው፣ ዝርጉ መስመር እስኪጠፋ።

የእንቅልፍ ምርመራ ጉዳዩ ታዲያ የሚያንኮራፋ ሰው ብቻ አይደለም። ዱካክን ታውቁታላችሁ፤ ሌሊት ዓይን ተከፍቶ፣ ደረት ላይ የተቀመጠ ነገር እያለ፣ እጅ አልነሣ፣ ድምፅ አልወጣ የሚልበትን። አያቴ ለዱካክ ትራስ ሥር መስቀል ታደርግ ነበር፣ እኔም ዛሬ አደርጋለሁ። ሆኖም በሬም ጊዜ ምን እንደሚሆን የአገጭ ሽቦው ያሳያል፤ ሰው ሕልሙን ተነሥቶ እንዳይኖረው አብዛኛው ጡንቻው ይፈታል፣ መስመሩ ጸጥ ይላል። አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ይነቃና አካል ገና ሳይለቀቅ ይቀራል። አልፎ አልፎ ሲመጣ ከባድ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ቀን በቀን ሊቋቋሙት ከማይቻል እንቅልፍ ጋር ከመጣ፣ በተለይ ሲሥቁ ጉልበት የሚከዳ ከሆነ፣ ናርኮሌፕሲ የሚባለው በሽታ ይጠረጠራል። የዚህ ምርመራ ሌሊቱ ላይ አያበቃም፤ በማግሥቱ በየሁለት ሰዓቱ አራት አምስት ጊዜ "ተኛ" ይባላል። ደኅና ሰው በእነዚያ አጫጭር እንቅልፎች ሬም ውስጥ እምብዛም አይገባም፤ ይህ በሽታ ያለበት ግን በአማካይ በስምንት ደቂቃ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይተኛል፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜም ቶሎ ሬም ውስጥ ይገኛል።

ተቃራኒውም አለ። በ1986 ሚኒሶታ ውስጥ ሼንክና ማሆዋልድ የሚባሉ ሐኪሞች፣ ሬም ውስጥ ሆነው ጡንቻቸው የማይፈታ፣ ሕልማቸውን እየተራገጡና እየተማቱ የሚኖሩ ሰዎችን ጻፉ፤ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ወንዶች ናቸው። ባል በእንቅልፉ ሚስቱን መታ ሲባል ቤት ይፈርሳል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል። በቪዲዮውና በአገጭ ሽቦው ግን ዓይኑ ሬም ላይ፣ ጡንቻው ነቅቶ ይታያል፤ ሰውዬው ከሕልሙ ሌባ ጋር ሲታገል ነበር። ይህን ማወቅ ትዳር ያድናል፤ ከዚያም በላይ፣ ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ዓመታት ቆይቶ ፓርኪንሰን ወይም ዘመዶቹ ይመጡባቸዋልና ሐኪም አስቀድሞ እንዲከታተላቸው ያደርጋል።

አንድ ነገር ግን ሳልነግራችሁ ብቀር ደግ አይደለም። እንቅልፍ እምቢ ብሎት ኮከብ ሲቆጥር የሚያድር ሰው፣ ሌላ ምልክት ከሌለው፣ ሽቦ አያስፈልገውም፤ ሐኪሙ መቼ እንደተኛ መቼ እንደነቃ ሁለት ሳምንት ያህል በደብተር እንዲጽፍ ነው የሚጠይቀው። ቤት የሚወሰድ ትንሽ መሣሪያም አለ፤ መቀነት፣ የአፍንጫ ቱቦና የጣት መቆንጠጫ ያላት። ከባዱን የትንፋሽ መቋረጥ ለመያዝ ትበቃለች፣ የአንጎሉ ሽቦ ግን ስለሌላት ሰውዬው መቼ እንደተኛ አታውቅም፣ ነቅቶ የቆየበትንም እንደ እንቅልፍ ቆጥራ ነገሩን ታሳንሰዋለች። ስለዚህ እሷ "ደኅና ነህ" ብላው ሚስቱ "ኧረ ደኅና አይደለም" ካለች፣ ሚስቱን ስሙና ሙሉውን ምርመራ አስደርጉት። ሐኪም ዘንድም ስትሄዱ ከጎናችሁ የሚያድረውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

አሴሪንስኪ መጨረሻው እንዴት ነበር ትሉኝ ይሆናል። በ1998 በካሊፎርኒያ፣ በ77 ዓመቱ፣ መኪናው ከዛፍ ተጋጭቶ ሞተ። መሪ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ይሆናል የሚል ጥርጣሬ ቀረ።

የአጎቴ ልጅ አሁን በጭንብሉ ይተኛል። መጀመሪያዎቹ ቀናት ከብደውት ነበር፣ አፍንጫውን አደረቀው፣ ማሰሪያው ፊቱ ላይ ምልክት አስቀረ፤ ሚስቱም ጸጥታው ሲገርማት እጇን ደረቱ ላይ እያደረገች ታድር ነበር። ከዚያ ሁለቱም ለመዱት። ባለፈው ጾም መግቢያ ላይ ደወለና "ጋሼ፣ የዚያን ሌሊት ወረቀት አንድ ገጽ አስወጥቼልሃለሁ፣ እየው" ብሎ ፎቶ ላከልኝ። መነጽሬን አደረግሁና ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ። መስመሮቹ አንዱ ከአንዱ በታች ተሰልፈዋል፤ ከላይ አንጎል፣ ከዚያ ዓይን፣ ከዚያ አገጭ፣ ከዚያ ልብ፣ ከዚያ አፍንጫ፣ ከሥሩ ሁለቱ መቀነቶች፣ ከታች ኦክስጅን። የአፍንጫውን መስመር በጣቴ ተከተልኩት፤ ጥቂት ማዕበል አለ፣ ከዚያ እንደ ሜዳ ዝርግ ይላል። ከገጹ ግርጌ ሴኮንዶቹ ተጽፈዋል፣ እኔ ግን አላየኋቸውም፤ ጣቴ በዝርጉ መስመር ላይ እየሄደ፣ አያቴ በጨለማ ትል በነበረው ልክ፣ ሳልቸኩል፣ "እግዚኦ" እያልኩ ነበር የምቆጥረው። አሥራ ሁለተኛው ላይ መስመሩ ተነሣ።